ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የተዛባ የሞኒተር ምስልን ራሳችሁ አስተካክሉ

የሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ደወሉልኝ። የእናቴ ጓደኛ ስለሆኑ እትዬ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ሞኒተሬ አብጧል። ፊደሉም ሰዉም ወፍሯል። እስቲ ብቅ በል» አሉኝ።

ብቅ አልኩ። እውነትም አብጧል። አይከኖቹ የሲኒ ማስቀመጫ ያክላሉ። አንድ ደንበኛ ጉርድ ፎቶ ሊያሳትም ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊቱ ግን ወደ ጎን ተለጥጦ ሌላ ሰው መስሏል። ሴቲንጉን ከፍቼ ሳይ ባለ 22 ኢንቹ ሰፊ ሞኒተር 1024 በ768 ላይ ተቀምጧል።

«ምን አድርገውት ነው እትዬ?»

«እኔማ ምን አውቄ! ቀርፈፍ ሲልብኝ ፎርማት አስደረግሁት። ከተመለሰ ጀምሮ እንዲህ ነው። ስነግራቸው ደግመን ፎርማት እናድርግልዎት አሉኝ።»

«ተዉት፣ አይክፈሉ። መጀመሪያ እኔ ልየው።»

ችግሩ ምን እንደነበር ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ፎርማት እኛ ጋ እንደ ዳማከሴ ነው። ኮምፒውተሩ ምኑንም ይመመው ምን እሱ ይታዘዛል። ለሪዞሉሽን፣ ማለትም ለምስሉ የነጥብ ብዛት፣ ግን ፎርማት መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሕመሙ መነሻ ራሱ ነው። ነገሩ ያለው ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፦ ሴቲንጉ ላይ፣ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ላይ ወይም ኬብሉ ላይ። በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ዳታ ይበላል። ሦስተኛው ቢበዛ የአንድ ኬብል ዋጋ ነው። የምጽፈው ዊንዶውስ 10 እና 11ን ይዤ ነው።

ሞኒተራችሁ ስንት ነጥብ አለው?

ጠፍጣፋ ሞኒተር እንደ ሴራሚክ ወለል ነው። ነጥቦቹ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጥረው ተነጥፈዋል፤ አይጨመሩም፣ አይቀነሱም። 1920 በ1080 ማለት ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080፣ በድምሩ 2,073,600 ነጥብ ነው። ኮምፒውተሩ ልክ ይህንኑ ያህል ከላከ እያንዳንዱ ነጥብ በቦታው ይቀመጣል። ምስሉ ጥርት ይላል። 1366 በ768 ከላከ ግን አንዱ የተላከ ነጥብ 1.4 ነጥብ ላይ ማረፍ ሊኖርበት ነው። ነጥብ ደግሞ አይቆረስም። ስለዚህ ሞኒተሩ ቀለሙን ለጎረቤት ነጥብ ያካፍላል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል። ብዥታው የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ስክሪኑ አርጅቶ አይደለም።

በድሮዎቹ ባለ ሆድ ሞኒተሮች ይህ ጣጣ አልነበረም። ምስሉን የሚስሉት በጨረር ስለነበር 800 በ600ም ስጧቸው 1024 በ768 ደህና አድርገው ያሳዩ ነበር። በእነሱ የተማርን ሰዎች ዛሬም ቁጥሩን እንዳሻን የምንቀያይረው ለዚህ ይመስለኛል።

የእናንተን ሞኒተር ልክ ለማወቅ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱና ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ጽሑፉ ከተፋቀ በመጠኑ መገመት ይቻላል። ካሬ መሳይ ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንቾች አብዛኞቹ 1280 በ1024 ናቸው። ሰፊው ባለ 19 ብዙውን ጊዜ 1440 በ900፣ ባለ 20 ደግሞ 1600 በ900 ነው። ባለ 22 ሲሆን 1680 በ1050 ወይም 1920 በ1080 ይሆናል። ባለ 24ቱ በአብዛኛው 1920 በ1080 ነው። ግምት ግምት ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ በተለይ አትመኑት።

ሴቲንጉን ማስተካከል

1. ዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ።

2. ሁለት ስክሪን ከተሰካ፣ ከላይ ቁጥር ከተጻፈባቸው ሳጥኖች የምታስተካክሉትን ስክሪን ምረጡ። ይህን ዘሎ የደህነኛውን ስክሪን ሴቲንግ ያበላሸ ሰው ብዙ ነው። አንዱ እኔ ነኝ።

3. ወረድ በሉና «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» የሚለውን ዝርዝር ክፈቱ። አጠገቡ «ሪኮሜንድድ» የተጻፈበትን ምረጡ። ግን ከሞዴሉ ካገኛችሁት ቁጥር ጋር አመሳክሩት። ካልተመሳሰለ ሴቲንጉን ተዉትና ወደ ድራይቨሩ እለፉ።

4. «ኪፕ ቼንጅስ» በሉ። ምስሉ ከጠፋባችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ 15 ሰከንድ ጠብቁ። ካልነካችሁት ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እዚህ ጋ ደንግጦ ቁልፍ የሚነካካ ሰው ሳያውቅ የተበላሸውን ሊያጸድቅ ይችላል።

ምስሉ በትክክል መቀመጡን በዓይን ግምት አትወስኑ። ፔይንትን ክፈቱ፣ ክብ መሳያውን ምረጡ፣ ሺፍትን ተጭናችሁ ትልቅ ክብ ሳሉ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ ወደ ጎንና ወደ ታች ለኩት። እኩል ከሆነ ተስተካክሏል። እንቁላል ከሆነ ግን ሪዞሉሽኑ ከሞኒተሩ ቅርጽ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ወይም ደግሞ የሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ውስጥ ምስሉን በግድ እንዲለጥጥ ታዟል። ያ ሜኑ የሚከፈተው ከጠርዙ ባሉት ቁልፎች ነው።

ስክሪኑ ጨልሞ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ወይም «ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ» የሚል ብቻ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ጌም ነው። ከሞኒተሩ አቅም በላይ የሆነ ሪዞሉሽን ወይም የሄርዝ ቁጥር (ምስሉ በሰከንድ ስንቴ እንደሚታደስ) ተልኮለታል። ሞኒተሩ አልሞተም፤ እየተናገረ ነው። ቀላሉ መፍትሔ ሌላ ሞኒተር ወይም ቲቪ ተውሳችሁ ሰክታችሁ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ነው። የሄርዙ ቁጥር ያለው «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ሲሆን ለተራ ሞኒተር 60 በቂ ነው። የምትዋሱት ከሌለ ዊንዶውስ የጥገና ገጹን እንዲያሳያችሁ ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ መነሳት ሲጀምር በማብሪያው ደጋግማችሁ ብታጠፉት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ ይመጣል። ደስ የሚል ዘዴ አይደለም፤ ሲጨንቅ ግን ይሠራል። እዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት» እያላችሁ ሂዱና ዝርዝሩ ሲመጣ 3 ቁጥርን ተጫኑ። በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ይነሳል። ከዚያ ማስተካከል ነው።

«ፊደሉ አነሰብኝ»

እዚህ ጋ ልቆይ፤ ምክንያቱም ካየኋቸው ብዥ ያሉ ስክሪኖች ግማሹን ያህል ያበላሸው ባለቤቱ ራሱ ነው። ፊደሉ ያንሰዋል፣ ሪዞሉሽኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ፊደሉ ያድጋል፣ ይረካል። ግን ከላይ ያልኩት የነጥብ መካፈል ይመጣል።

ላቲን ፊደል ይህን ብዥታ በተወሰነ ደረጃ ይችለዋል። የእኛ ፊደል አይችለውም። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለች ነገር ናት፤ አንዷ ሰረዝ፣ ሌላዋ ቀለበት። ጠርዙ ሲደበዝዝ ቀለበቷ ትደፈንና ሰረዝ ትሆናለች። «ሚ» እና «ሜ»ም ያው ናቸው። «ኘ»ን እና «ፕ»ንማ ተዉት፤ ጥርት ባለ ስክሪንም «ኘሮጀክት» ብለን የምንጽፍ ሕዝቦች ነን። እንግዲህ በዚህ ስክሪን ላይ የሰው ስም ከነአያቱ የሚተይብን ጸሐፊ አስቡት። ስሙ ተሳስቶ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ለማስተካከል የሚያስኬደውን ቢሮ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ሪዞሉሽኑን አትንኩ። ፊደል የሚያተልቀው «ስኬል» ነው። እዚያው ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ፣ ከሪዞሉሽኑ በላይ ታገኙታላችሁ። 100 ከመቶ ላይ ከሆነ 125 አድርጉት፣ ካነሰ 150። ነጥቡ ሁሉ ሥራ ላይ እንዳለ ፊደሉ በብዙ ነጥብ ይሳላል፤ ማለትም አድጎም ጥርት ይላል። ለውጡን አንዳንድ ፕሮግራሞች የሚቀበሉት ወጥታችሁ ስትገቡ ነው፤ ሳይን አውት ብላችሁ ተመለሱ። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች፣ በተለይ የድሮ የሒሳብ ሶፍትዌሮች፣ ስኬል ሲጨመር ራሳቸው ብዥ ይላሉ። ያን ጊዜ የፕሮግራሙ አይከን ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ኮምፓቲቢሊቲ» ውስጥ የዲፒአይ ሴቲንግ አለ። እሱን ቀይራችሁ ሞክሩ።

ሪዞሉሽኑም ስኬሉም ልክ ሆኖ ፊደሉ አሁንም ሻካራ ከሆነ፣ መፈለጊያው ላይ «ክሊር ታይፕ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ናሙና እያሳየ የትኛው ይሻላል ይላችኋል። መነጽር ስትለኩ እንደሚደረገው ነው።

ቲቪ ወይም ፕሮጀክተር ከሆነ

ቲቪ ላይ ጠርዙ ከተቆረጠና ታስክባሩ ካልታየ፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። ቲቪው ምስሉን ትንሽ አሳድጎ ጠርዙን የመቁረጥ ልማድ ከድሮ ይዞ መጥቷል። በቲቪው ሪሞት የምስል መጠን ሜኑ ውስጥ ግቡና «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚል ፈልጉ። ስሙ እንደ ቲቪው ይለያያል። ፕሮጀክተር ስትሰኩ የላፕቶፓችሁ ስክሪን አብሮ ከተበላሸ ደግሞ፣ ሁለቱ አንድ ምስል እየተጋሩ ስለሆነ በደካማው ልክ ወርዷል። የዊንዶውስ ቁልፍን ከፒ ጋር ተጫኑና «ዱፕሊኬት» የነበረውን «ኤክስቴንድ» አድርጉት።

ድራይቨሩ

ዝርዝሩ ውስጥ ትክክለኛው ቁጥር ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ድራይቨር ነው። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉት። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ ተገኘ። ዊንዶውስ ግራፊክስ ካርዱን፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣውን ክፍል፣ አላወቀውም፤ በደረቁ እያሳያችሁ ነው። ከፎርማት በኋላ የሚመጣው ወፍራም ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ኢንተርኔት ካላችሁ ዊንዶውስ አፕዴትን ክፈቱና «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ውስጥ የድራይቨር ዝርዝር እዩ። ሲፈለግ የዋይፋዩም ድራይቨር ጠፍቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ስልካችሁን በቻርጀር ኬብሉ ሰኩና የዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ኮምፒውተሩን ኢንተርኔት ያገናኘዋል። ዳታችሁን ግን ዊንዶውስ በሌላ አፕዴት እንዳይጨርሰው፣ ኔትወርኩን «ሜተርድ ኮኔክሽን» አድርጉት።

አፕዴቱ ካላመጣው ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ አውርዱ። የዴል ማሽን ከሆነ ሳጥኑ ላይ «ሰርቪስ ታግ» የሚባል ሰባት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ጽሑፍ አለ። እሱን ስታስገቡ የማሽናችሁን ድራይቨር ብቻ ያወጣላችኋል። ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ የተገጣጠመ ማሽን ሌላ ዘዴ አለ። ያልታወቀው ካርድ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ዲቴይልስ»፣ «ሃርድዌር አይዲስ» በሉ። ከ«ቬን» ቀጥሎ 8086 ካለ ካርዱ የኢንቴል ነው፣ 1002 ከሆነ የኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ከሆነ የኤንቪዲያ። ወደ ባለቤቱ ገጽ ሂዱ። «የሁሉንም ኮምፒውተር ድራይቨር ባንድ ክሊክ» የሚሉትን ፕሮግራሞች አታስገቡ። ከድራይቨሩ ጋር ሌላ አምስት የማትፈልጉትን ነገር ጭነው ነው የሚመጡት።

ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ኬብሉ እሱ ላይ መሰካቱን ከጀርባ እዩ። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ካርዱን የሚረግም ሰው አይቻለሁ።

እትዬ ጋ ይህ ሁሉ ደህና ነበር። የኢንቴሉ ድራይቨር ገብቷል፣ ስሙም ተጽፏል። ግን 1920 በ1080 ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ኬብሉ

ያን ጊዜ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ሞኒተርስ» የሚለውን ዘረጋሁ። «ጀነሪክ ኖን ፒኤንፒ ሞኒተር» ይላል። ይህን ጽሑፍ አስታውሱት። «ኖን» የምትለዋ ከሌለች ሰላም ነው። ካለች ግን ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ማን እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው።

ሞኒተር መታወቂያ አለው። ኢዲአይዲ ይባላል። ውስጡ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉና የሚችላቸው ሪዞሉሽኖች ተጽፈዋል። ሲሰካ ይህንን በኬብሉ በኩል ለኮምፒውተሩ ያሳያል። «ሪኮሜንድድ» የሚለው ቃልም የሚመጣው ከዚያ ነው። መታወቂያው ካልደረሰ ዊንዶውስ በግምት ዝቅ ያለ ነገር ይሰጣችኋል።

የእትዬ ሞኒተር የተሰካው በሰማያዊው የቪጂኤ ኬብል ነው። የቪጂኤ ራስ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት፣ በድምሩ 15 እግር አለው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም የሚሄዱት በ1፣ በ2 እና በ3 ነው። መታወቂያው የሚሄደው በ12 እና በ15 ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዷ እግር ብትበላሽ ምስሉ ይመጣል፣ ቀለሙም ያምራል፣ መታወቂያው ብቻ ይቀራል። ሰውም ኬብሉን አይጠረጥርም። «ምስል እያሳየ እንዴት ኬብል ይሆናል?» ይላል።

ሁለቱንም አጥፍቼ ኬብሉን ነቀልኩና በስልኬ መብራት አየሁት። 12ኛዋ እግር ተኝታለች። ማሽኑን ለፎርማት ወስዶ የመለሰው ሰው አጣሞ ገፍቶት ይሆናል። ከእትዬ መሳቢያ ወረንጦ ተውሼ ቀስ ብዬ አቃናኋት። ቀስ ነው የምላችሁ፤ እነዚህ እግሮች ሁለቴ ከታጠፉ ይሰበራሉ። ከዚያ ቀጥ አድርጌ ሰካሁት፣ ሁለቱንም ብሎኖች አጠበቅሁ፣ ኮምፒውተሩን አስነሳሁ። 1920 በ1080 ከነ«ሪኮሜንድድ»ዋ መጣች። ደንበኛውም ፊቱን መልሶ አገኘ።

እናንተም ስታዩ የመካከለኛው ረድፍ አራተኛዋ፣ 9ኛዋ እግር ከሌለች አትደንግጡ። ብዙ ኬብል ከፋብሪካ ሲወጣ ያለ እሷ ነው። 12ኛዋ ወይም 15ኛዋ ከጎደለች ግን ኬብሉን ቀይሩ፤ አዲስ ስትገዙም ሱቁ ውስጥ እግሩን ቁጠሩ። አንዱን ምስል ለሁለት ሞኒተር የሚያካፍለው ርካሽ መክፈያም መታወቂያውን ሊያስቀር ይችላል፤ እሱን አውጥታችሁ በቀጥታ ሞክሩ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው መለወጫም ተጠርጣሪ ነው።

ሞኒተሩ ከጀርባው ኤችዲኤምአይ፣ ዲቪአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ካለው ከቪጂኤ ውጡ። ቪጂኤ አናሎግ ስለሆነ ሪዞሉሽኑ ልክ ሆኖም ምስሉ ወደ ጎን ሊሸሽ ይችላል። ለዚያ ጠርዙ ላይ ያለው «ኦቶ» የሚለው ቁልፍ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከመጫናችሁ በፊት ባዶ ነጭ የዎርድ ገጽ ስክሪኑን ሙሉ አድርጋችሁ ክፈቱ። ሞኒተሩ ጠርዙን የሚፈልገው ብርሃን አይቶ ነው። ጥቁር ዎልፔፐር ላይ ከተጫነ ጠርዙን ይስታል። ባለ አራት ኬ ሞኒተር ገዝታችሁ ማውዙ የሚንቀረፈፍ ከመሰላችሁ ደግሞ የሄርዙን ቁጥር እዩ። 30 ላይ ከቆመ ኬብሉ ወይም ሶኬቱ የቆየ ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 ከዚያ አያልፍም፤ ለ60 ኤችዲኤምአይ 2.0 ያስፈልጋል።

እትዬ ምስሉ ሲስተካከል ደስ አላቸውና ወዲያው ደግሞ «ውይ፣ ፊደሉ ግን አነሰ» አሉ። ስኬሉን 125 አደረግሁላቸው። በሳምንቱ ሳልፍ የኬብሉ ራስ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል። በቀይ እስክሪብቶ «አይነቀል» ተጽፎበታል።